የተከታታይ ድራማ ገጸ ባሕርያትን ከዘመን ተሻጋሪ ልብ ወለዶች ጋር የማነጻጸር መመሪያ

አንድን ተከታታይ ድራማ ለሳምንታት ሲከታተሉ ከቆዩ በኋላ «ይህን ሰው ከዚህ በፊት አውቀዋለሁ» የሚል ስሜት ድንገት ሊያድርብዎት ይችላል። ያወቁት ተዋናዩን ሳይሆን ገጸ ባሕርዩን ነው፤ ያገኙትም ከመቶ ዓመት በፊት በተጻፈ ልብ ወለድ ውስጥ ነው። ብዙ ጊዜ ይህ ስሜት ከጓደኛ ጋር ተወርቶበት ያልፋል። ይህ መመሪያ ስሜቱን ይዞ፣ በማስረጃ ላይ ወደሚቆምና ሌላ ሰው አንብቦ ሊከራከርበት ወደሚችል ንጽጽር ለመለወጥ የሚያስፈልጉትን ደረጃዎች በቅደም ተከተል ያቀርባል።

አስቀድሜ አቋሜን ልግለጽ። የሁለት ገጸ ባሕርያትን መመሳሰል ማሳየት የሥራው ግማሽ ነው። ከባዱ ግማሽ፣ ጎን ለጎን ሲጓዙ የቆዩት ሁለቱ ሰዎች መንገድ የሚለያዩበትን ቦታ አግኝቶ «ለምን እዚህ ላይ?» ብሎ መጠየቅ ነው። ከዚህ በታች ያሉት ደረጃዎች ሁሉ የተደረደሩት ወደዚያ ጥያቄ እንዲያደርሱ ነው።

ለሥራው የሚያስፈልጉት ነገሮች ጥቂት ናቸው፤ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ክፍል ያዩት አንድ ድራማ፣ ከሽፋን እስከ ሽፋን የሚያነቡት አንድ ልብ ወለድ፣ አንድ ደብተርና ትዕግሥት። በመመሪያው ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ ኤውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። ምሳሌ የሆኑት ድራማዎችና መጻሕፍት ፍጻሜያቸው ስለሚነገር፣ ያላያቸው ወይም ያላነበባቸው ሰው ይህን አውቆ ቢቀጥል ይሻላል።

ደረጃ 1፦ ገጸ ባሕርዩን ከልብሱና ከሙያው ነጥለው በአንድ ዓረፍተ ነገር ይግለጹት

መጀመሪያ የሚጻፈው ስለ ድራማው ገጸ ባሕርይ ነው። ሙያውን፣ ዘመኑን፣ የሚኖርበትን ከተማና መልኩን ትተው፣ የሚፈልገውን፣ የሚያደርገውንና የሚከፍለውን ዋጋ ብቻ በአንድ ዓረፍተ ነገር ያስፍሩ። ከ2008 እስከ 2013 በታየው «ብሬኪንግ ባድ» ውስጥ ያለውን ዋልተር ዋይትን እንውሰድ። «የሳንባ ካንሰር የያዘውና አደንዛዥ ዕፅ ማምረት የጀመረ የኬሚስትሪ መምህር» ብለን ብንጽፍ እውነት ነው፤ ሆኖም ይህ አገላለጽ ወደ የትኛውም ልብ ወለድ አይወስደንም። «ችሎታው ሳይከበርለት እንደኖረ የሚያምን፣ በቤቱ ጨዋ ሰው ሆኖ በስውር ደግሞ ሌላ ሰው የመሆን ዕድል ሲያገኝ ሁለቱንም ሕይወት እስከ መጨረሻው አጣምሮ ለመያዝ የሞከረ ሰው» ብንል ግን በሩ ይከፈታል።

የገጸ ባሕርዩን እውነተኛ ፍላጎት ማወቅ ሲያስቸግር፣ «ያስፈልገኛል» ሲለው የኖረው ነገር በእጁ ሲሰጠው እምቢ ያለበትን ትዕይንት ይፈልጉ። ዋልተር ወደ ወንጀል የገባው ለሕክምናውና ለቤተሰቡ ገንዘብ ለማግኘት እንደሆነ ይናገራል። በመጀመሪያው ሲዝን ውስጥ ግን የቀድሞ የሥራ ባልደረባው የሕክምናውን ወጪ በሙሉ ሊሸፍንለት ሲነሣ ዋልተር አይቀበልም። ይህ ባልደረባ፣ ዋልተር ድርሻውን በ5,000 ዶላር ሸጦ ከወጣበት በኋላ በቢሊዮን የሚቆጠር ሀብት ያፈራው ኩባንያ ባለቤት ነው። ያች እምቢታ ከአንደበቱ ከወጣው ሁሉ ይልቅ ትናገራለች፤ ዋልተርን የሚነዳው ክብሩን የማስመለስ ጥማት መሆኑን የምናውቀው እዚያ ነው። ዓረፍተ ነገርዎን የሚጽፉት ይህን መሰል ትዕይንት ካገኙ በኋላ ይሁን።

የመጀመሪያዎቹን ንጽጽሮቼን በጻፍኩበት ጊዜ ይህን ደረጃ ዘልዬው ነበር። ሁለቱም ኮፍያ ያደርጋሉ፣ ሁለቱም ዝምተኛ ሚስት አላቸው፣ ሁለቱም ሌሊት ይወጣሉ እያልኩ ብዙ ገጽ ሞላሁ። ያነበበልኝ ወዳጄ «እሺ፣ ከዚህ ምን አገኘሁ?» ብሎ ሲጠይቀኝ መልስ አልነበረኝም። መልክና ዕቃ ከልብ ፍላጎት ጋር ካልተያያዙ ማስረጃ ሊሆኑ አይችሉም።

ደረጃ 2፦ ዕጩ ልብ ወለዶችን አሰልፈው በአንድ ጥያቄ ይለዩ

ዓረፍተ ነገሩ ከተጻፈ በኋላ ሁለት ወይም ሦስት ልብ ወለዶች ወደ አእምሮ መምጣታቸው አይቀርም። ለዋልተር የመጀመሪያው ዕጩ በ1818 የታተመው የሜሪ ሼሊ «ፍራንከንስታይን» ሊሆን ይችላል፤ በዕውቀቱ የፈጠረው ነገር መልሶ ያጠፋው ሰው ታሪክ ነውና። ሁለተኛው ዕጩ በ1886 የታተመው የሮበርት ሉዊስ ስቲቨንሰን የዶክተር ጄኪልና የሚስተር ሃይድ ታሪክ ነው፤ ጄኪል ራሱ የቀመመውን መድኃኒት እየጠጣ ሃይድ ወደሚባል ክፉ ሰው የሚለወጥ የተከበረ ሐኪም ነው። ለመለየት የሚጠቅመው ጥያቄ፣ ገጸ ባሕርዩ ለሠራው ነገር ያለው ስሜት ምንድን ነው የሚለው ነው። ቪክቶር ፍራንከንስታይን ፍጡሩ ዓይኑን በገለጠ ቅጽበት ደንግጦ ይሸሻል። ዋልተር ግን የሠራውን ይወደዋል፤ ጄኪልም ቢሆን ሃይድን በመስታወት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ባየው ጊዜ አልተጸየፈውም፤ እንዲያውም እንደ ራሱ አድርጎ ተቀበለው። ስለዚህ ጄኪል ይቀርባል።

ደረጃ 3፦ በሁለቱ ሥራዎች መካከል ያለውን ዝምድና በትክክል ይሰይሙ

በዚህ ሥራ ላይ በጣም የሚደጋገመው ስሕተት፣ ሁለት ነገሮች ስለተመሳሰሉ ብቻ አንዱ ከሌላው ተቀድቷል ብሎ መፍረድ ነው። ዝምድናው ከሦስቱ በአንዱ ዓይነት ይወድቃል።

የመጀመሪያው ግልጽ ዝውውር ነው። ከ2008 እስከ 2010 የታየው የቱርክ ድራማ «አሽክ ሜምኑ»፣ ትርጉሙም «የተከለከለ ፍቅር»፣ ሃሊት ዚያ ኡሻክሊጊል ከጻፈው ተመሳሳይ ርእስ ካለው ልብ ወለድ የተወሰደ ነው። የገጸ ባሕርያቱ ስም ሳይቀር አንድ ሲሆን፣ የተለወጠው ዘመኑ ነው፤ በኦቶማን መንግሥት የመጨረሻ ዓመታት የተቀመጠው ታሪክ በድራማው ወደ ዛሬዋ ኢስታንቡል መጥቷል። እዚህ ላይ «ይመሳሰላሉ» ማለት ምንም አዲስ ነገር አይጨምርም፤ ጥያቄው ምን ተለወጠ፣ ለምንስ ተለወጠ የሚለው ብቻ ነው።

ሁለተኛው የታወቀ መነሻ ያለው ነው። ከ2004 እስከ 2012 የታየው «ሃውስ» ዋና ገጸ ባሕርይ የሆነው ሐኪም የተቀረጸው የልብ ወለድ መርማሪውን ሼርሎክ ሆምስን በማሰብ ነው፤ ፈጣሪዎቹም ምልክቶቹን ሆን ብለው በትነዋቸዋል። የመኖሪያ ቤቱ ቁጥር ልክ እንደ ሆምስ ቤት 221ቢ ነው። ሆምስ ዋትሰን የሚባል ወዳጅ እንዳለው ሁሉ፣ ሃውስም ዊልሰን የሚባል ወዳጅ አለው። ሆምስ ኮኬይን ይወስዳል፤ ሃውስ የሕመም ማስታገሻ ክኒን ሱሰኛ ነው። ይህን ምሳሌ የምወድበት ሌላ ምክንያት አለኝ። አርተር ኮናን ዶይል ሆምስን በ1887 ለንባብ ሲያበቃው በዓይነ ልቡናው የነበሩት የሕክምና መምህሩ ዶክተር ጆሴፍ ቤል ነበሩ፤ እኒህ ሐኪም የታካሚን ሙያና የሕይወት ታሪክ ከአለባበሱና ከአረማመዱ የማንበብ ችሎታ ነበራቸው። እንግዲህ ከሐኪም የተወለደ መርማሪ ከመቶ ዓመት በላይ ቆይቶ እንደገና ሐኪም ሆኖ ተመለሰ ማለት ነው። እንዲህ ዓይነቱን የዞረ ዝምድና ያገኘ ሰው ንጽጽሩን ከዚያ መጀመሩ ያዋጣዋል።

ሦስተኛው የመቀዳት ማስረጃ የሌለው፣ በሰው ልጅ ባሕርይ ብቻ የሚገናኝ ዝምድና ነው። ዋልተርንና ጄኪልን የማነጻጽረው በዚህኛው ስር ነው። እንዲህ ባለ ጊዜ «ደራሲው ከዚህ ወሰደ» የሚል ቃል ፈጽሞ አይጻፍ፤ «ጎን ለጎን ሲነበቡ ይህን ያሳያሉ» ማለት ይበቃል፤ ክብደቱም አይቀንስም።

የትኛው ዓይነት እንደሆነ ለማወቅ የድራማውን የመክፈቻና የመዝጊያ ጽሑፍ ያንብቡ፤ ፈጣሪዎቹ ራሳቸው የተናገሩትንም ይፈልጉ። የተመልካች ግምት ብቻ ከሆነ የተገኘው፣ ሦስተኛው ዓይነት ብለው ይመዝግቡት።

ደረጃ 4፦ ልብ ወለዱን ራሱን ያንብቡ፤ ሲታተም የነበረውንም ቅርጽ ይወቁ

ማጠቃለያ አንብቦ ወይም በመጽሐፉ ላይ የተሠራ ፊልም አይቶ ማነጻጸር፣ ንጽጽሩን ከሦስተኛ ሰው ወሬ ጋር ማድረግ ነው። የጄኪልን ታሪክ ሰው ሁሉ የሚያውቀው ይመስለዋል። መጽሐፉን የገለጠ ሰው ግን፣ ታሪኩን የሚከታተለው በጠበቃው በአተርሰን ዓይን መሆኑን፣ ጄኪልና ሃይድ አንድ ሰው መሆናቸውንም አንባቢ በእርግጠኝነት የሚረዳው መጽሐፉ ሊያልቅ ሲል መሆኑን ያያል። ይህ ለንጽጽር ትልቅ ነገር ነው፤ ድራማው ከመጀመሪያው ክፍል ጀምሮ ሁለቱንም ዋልተሮች ያሳየናልና።

ሌላው መጠናት ያለበት ነገር መጽሐፉ በመጀመሪያ ለአንባቢ የቀረበበት መንገድ ነው። በአሌክሳንደር ዱማ ስም የምናውቀው «ዘ ካውንት ኦፍ ሞንቴ ክሪስቶ» ከ1844 እስከ 1846 በአንድ የፓሪስ ጋዜጣ ላይ በተከታታይ የወጣ ነው። የጉስታቭ ፍሎቤር «ማዳም ቦቫሪ» በ1856 በመጽሔት በክፍል በክፍል ወጥቶ በ1857 በመጽሐፍ ታተመ። የቶልስቶይ «አና ካሬኒና»፣ የዲከንስ «ግሬት ኤክስፔክቴሽንስ»፣ የኡሻክሊጊል «አሽክ ሜምኑ» ሁሉም መጀመሪያ የቀረቡት ተቆራርሰው ነው። ደራሲው አንባቢውን እስከሚቀጥለው እትም ድረስ ማቆየት ነበረበት፤ ልብ ሰቀላው፣ በምዕራፍ መዝጊያ ላይ የሚንኳኳው በር፣ ከብዙ ክፍሎች በኋላ ድንገት የሚመለሰው የተረሳ ሰው፣ ሁሉም ከዚህ ግዴታ የመጡ ናቸው። የዛሬ ተከታታይ ድራማም ይህንኑ ግዴታ ስለተሸከመ፣ አንዳንድ ተመሳስሎ የሚመነጨው ከገጸ ባሕርዩ ሳይሆን ከቅርጹ ነው። ሲያነቡ በእያንዳንዱ ምዕራፍ መጨረሻ ላይ ገጸ ባሕርዩ በምን ሁኔታ ላይ እንደተተወ አንድ መስመር ይጻፉ፤ ከድራማው ክፍሎች አዘጋግ ጋር ሲያስተያዩት ብዙ ነገር ይገለጥልዎታል።

ደረጃ 5፦ ድርጊትን ከድርጊት ትይዩ የሚያደርግ ሰንጠረዥ ይሥሩ

በደብተርዎ ላይ አንድ ገጽ በሁለት ዓምድ ይክፈሉ፤ ግራውን ለልብ ወለዱ፣ ቀኙን ለድራማው ያድርጉት። በእያንዳንዱ ረድፍ አንድ ድርጊት ወይም አንድ ውሳኔ ብቻ ይግባ። «ጀግና ነው»፣ «ክፉ ነች» የመሰሉ ፍርዶች እዚህ ቦታ የላቸውም። ከድርጊቱ ጎን የመጽሐፉን ምዕራፍና የድራማውን ሲዝንና ክፍል ቁጥር ይመዝግቡ፤ ኋላ ለመፈለግ የሚባክነውን ጊዜ ያተርፋል።

በዱማ ልብ ወለድ መነሻነት የተሠራውን፣ ከ2009 እስከ 2011 የታየውን «ኤዘል» የተባለውን የቱርክ ድራማ ብንወስድ፣ ሰንጠረዡ እንዲህ ይሞላል። በግራ በኩል መርከበኛው ኤድሞን ዳንቴስ በእጮኝነት ግብዣው ላይ ይያዛል፤ በቀኝ በኩል ኦመር የተባለው ወጣት ባልፈጸመው ዘረፋና ግድያ ይከሰሳል። በግራ የሚያሳስሩት የቀናበት የሥራ ባልደረባውና እጮኛውን የሚመኘው ሰው ሲሆኑ፣ በቀኝ ጄንጊዝና አሊ የተባሉ ጓደኞቹ ናቸው። ዳንቴስ በባሕር መካከል ባለው በሻቶ ዲፍ እስር ቤት 14 ዓመት ይቆያል፤ ኦመርም እስር ቤት ገብቶ ይሰቃያል፣ ፊቱም ይበላሻል። ዳንቴስ ሀብት አግኝቶ በካውንትነት ማዕረግ ይመለሳል፤ ኦመር ፊቱ በቀዶ ሕክምና ተለውጦ ኤዘል በሚል ስም ይመለሳል። የዳንቴስ እጮኛ መርሴዴስ ከከዱት ሰዎች አንዱን ፌርናንን አግብታ ወንድ ልጅ ወልዳለች፤ የኦመር ፍቅረኛ ኤይሻንም ጄንጊዝን አግብታ ወንድ ልጅ አላት።

እስከዚህ ድረስ ሁለቱ ዓምዶች እንደ መንታ ይሄዳሉ። ሰንጠረዡ ዋጋውን የሚያሳየው እነሱ መለያየት ሲጀምሩ ነው። መርሴዴስ በዳንቴስ ላይ በተሠራው ሴራ ውስጥ እጇ የለበትም፤ ኤይሻን ግን በክህደቱ ውስጥ አለችበት። መርሴዴስ ካውንቱን ፓሪስ ውስጥ እንዳገኘችው ማንነቱን ታውቃለች፤ ኤይሻን ግን ኤዘልን እንደ አዲስ ሰው ትተዋወቀዋለች። እነዚህ ሁለት ረድፎች ብቻቸውን የሙሉ ጽሑፍ መነሻ ይሆናሉ፤ በልብ ወለዱ ውስጥ ፍቅር የጠፋው በሌሎች ክፋት ነው፣ በድራማው ውስጥ ግን የሚወዳትና የሚበቀላት ሴት አንድ ሰው ናት። በቀሉ ከራሱ ልብ ጋር የሚደረግ ጦርነት የሚሆነው ለዚህ ነው።

ደረጃ 6፦ በዙሪያው ያሉትን ሰዎች በሚሠሩት ሥራ ይመዝኑ

ዋናው ገጸ ባሕርይ ብቻውን አይቆምም፤ የሚያስተምረው፣ የሚፈትነውና የሚያስታውሰው ሰው አለው። ከዚሁ ከኤዘል ሳንወጣ አስተማሪውን እንይ። ዳንቴስ በእስር ቤት ውስጥ አባ ፋሪያ የተባሉ አዛውንት ቄስ ያገኛል፤ ቋንቋና ሳይንስ ያስተምሩታል፣ የተደበቀ ሀብት ያለበትን ቦታ ይነግሩታል፣ ማን እንደከዳውም በጥያቄ ብቻ አውጥተው ያሳዩታል። ይህን ካደረጉ በኋላ ግን በልቡ የበቀል ስሜት እንዳሳደሩበት ተረድተው ይጸጸታሉ። ሲሞቱ ዳንቴስ በሬሳቸው መጠቅለያ ውስጥ ገብቶ ያመልጣል። የኤዘል አስተማሪ ራሚዝም በእስር ቤት የሚገኝ አዛውንት ነው፤ እርሱ ግን ከወንጀል ዓለም የመጣ፣ የራሱ ያልተወራረደ ቂም ያለው፣ ከእስር ቤት ውጭም ከተማሪው ጎን የሚቆም ሰው ነው። ሁለቱ አስተማሪዎች አንድ ሥራ ይሠራሉ፤ የፋሪያ ጸጸት ግን በራሚዝ ዘንድ የለም። ተማሪው በበቀል መንገድ ሲሄድ በልቡ የሚሰማው ድምፅ የማን እንደሆነ ማወቅ፣ የመጨረሻውን ውሳኔውን ለመረዳት ቁልፍ ነው።

ደረጃ 7፦ አንድ ትዕይንትና አንድ ገጽ መርጠው በቅርበት ያስተያዩ

ሰንጠረዡ ሰፊውን መልክ ይሰጣል፤ ይህ ደረጃ ደግሞ ዓይንን ወደ አንዲት ነጥብ ያቀርባል። ሁለቱም ሥራዎች ውስጥ የሚገኝ አንድ ዕቃ ወይም አንድ የሰውነት እንቅስቃሴ መምረጥ ጥሩ ዘዴ ነው። የ«አሽክ ሜምኑ»ዋ ቢህተር ከፍሎቤር ኤማ ቦቫሪ ጋር ደጋግማ ትነጻጸራለች፤ ሁለቱም ባል ያላቸው፣ ሌላ የሚወዱ፣ በራሳቸው እጅ የሚሞቱ ሴቶች ናቸው። እኔ ከዚህ ሁሉ የምመርጠው መስታወቱን ነው። ኤማ ከሮዶልፍ ጋር ከተገናኘች በኋላ ወደ ቤቷ ተመልሳ በመስታወት ውስጥ ራሷን ስታይ በውበቷ ትገረማለች፣ ፍቅረኛ አለኝ እያለች ደጋግማ ትፈነድቃለች። ቢህተርም በልብ ወለዱ ውስጥ በመኝታ ክፍሏ ብቻዋን ሆና በመስታወት ፊት ትቆማለች፤ የእርሷ ግን የደስታ አይደለም፣ ማንም ሳይደርስለት እየባከነ ያለውን ወጣትነቷን የምታዝንበት ነው። ኤማ በመስታወቱ ውስጥ የምታየው በልጅነቷ ያነበበቻቸውን የፍቅር መጻሕፍት ጀግኖች ነው። ቢህተር የምትፈራው ደግሞ አንድ ቀን የእናቷን የፊርደቭስን ፊት በራሷ ፊት ላይ እንዳታይ ነው፤ በባሏ ላይ የወሰለተች እናት ልጅ ናትና፣ እርሷን ላለመምሰል የገባችው ቃል መላ ታሪኩን ይሸከማል። አንዷን መጽሐፍ አሳታት፤ ሌላዋን የዘር ፍርሃት አሳደዳት።

ትዕይንቱን በሚያስተያዩበት ጊዜ መጽሐፍና ካሜራ የተለያየ አቅም እንዳላቸው አይርሱ። ደራሲ በገጸ ባሕርዩ ልብ ውስጥ ገብቶ ሐሳቡን መጻፍ ይችላል፤ ድራማ ይህንኑ በፊት ገጽታ፣ በዝምታ፣ በሙዚቃና በብርሃን ይተካዋል። ስለዚህ «በድራማው ሐሳቧ አልተገለጸም» ብሎ መውቀስ ተገቢ አይሆንም፤ በምን ተገለጠ ብሎ መፈለግ ይገባል። ድምፁን ዘግቶ አንድ ጊዜ ማየት፣ ከዚያ ምስሉን ሳያዩ አንድ ጊዜ ማዳመጥ ብዙ ያሳያል።

ደረጃ 8፦ የሚለያዩበትን ቦታ ያግኙ

ከሁሉም ደረጃዎች ረጅም ጊዜ ሊሰጠው የሚገባው ይህ ነው። ወደ ዋልተርና ወደ ጄኪል እንመለስ። ሁለቱም የተከበሩ የሳይንስ ሰዎች ናቸው፤ ሁለቱም በሌላ ስም ሌላ ሕይወት ይጀምራሉ፤ ሁለቱም ሁለተኛውን ሰው በፈለጉ ጊዜ እንደሚተዉት ያምናሉ፤ ሁለቱንም ሁለተኛው ሰው ይውጣቸዋል። ሁለቱም በመጨረሻ ኑዛዜ አላቸው፤ የጄኪል ኑዛዜ የመጽሐፉ የመጨረሻ ምዕራፍ ነው፣ ዋልተርም በመጨረሻው ክፍል ሁሉን ያደረገው ለቤተሰቡ ሳይሆን ለራሱ እንደሆነ ለሚስቱ ያምንላታል። ሁለቱም በሥራ ክፍላቸው፣ በኬሚካል ዕቃዎች መካከል ሞተው ይገኛሉ።

ታዲያ የት ተለያዩ? እኔ መልሱን ያገኘሁት በኬሚስትሪው ውስጥ ነው። የጄኪል መድኃኒት የሚሠራው በመጀመሪያ የገዛው ጨው ንጹሕ ስላልነበረ ነው፤ ያ ጨው ሲያልቅ ንጹሑን አስመጥቶ ቢቀምመውም አይሠራለትም፤ ባዕድ ነገሩ ምን እንደነበረ አያውቅምና እንደገና ሊያገኘው አልቻለም። በዚህም ወደ ራሱ የሚመለስበት መንገድ ተዘጋ። የዋልተር ኩራት ደግሞ ንጽሕና ነው፤ ምርቱ 99 በመቶ ንጹሕ መሆኑ ስሙ፣ ፊርማውና ኃይሉ ነው። ጄኪል የጠፋው ቅመሙን መቆጣጠር ስላልቻለ ነው፤ ዋልተር ቅመሙን ፍጹም በሆነ ደረጃ ተቆጣጥሮትም ጠፋ። ስለዚህ ጄኪል በኑዛዜው ስለ ሃይድ ሲጽፍ «እርሱ» ማለት ይቀናዋል፣ «እኔ» ማለት ይከብደዋል፤ ዋልተር ግን በመጨረሻ «እኔ» ይላል። የ1886ቱ መጽሐፍ ሰውን ለሁለት የሚከፍለው ነገር አለ ብሎ ይፈራል፤ የ2008ቱ ድራማ ከመጀመሪያውም የተከፈለ ሰው አልነበረም ይላል።

እንዲህ ያለ ልዩነት የሚገኘው ከትልልቁ ክስተት ይልቅ በጥቃቅኑ ውስጥ ነው። በሰንጠረዡ ላይ ተመሳሳይ ዕቃ ወይም ተመሳሳይ ሥራ ባለበት፣ ውጤቱ ግን ተቃራኒ በሆነበት ረድፍ ላይ ምልክት ያድርጉና እዚያ ይቆዩ።

ደረጃ 9፦ ሐሳብዎን ይፈትኑት

ሁለት ፈተናዎች ይበቃሉ። አንደኛው የመለዋወጥ ፈተና ነው፤ የልብ ወለዱን ገጸ ባሕርይ አንሥተው ሌላ ተመሳሳይ ሰው ቢያስቀምጡበት ጽሑፍዎ ሳይናጋ የሚቆም ከሆነ፣ የጻፉት ስለ ሁሉም ሰው እንጂ ስለ እነዚህ ሁለቱ አይደለም። ሁለተኛው ተቃራኒ ማስረጃ መፈለግ ነው፤ ሐሳብዎን የሚያፈርስ አንድ ትዕይንት ከድራማው፣ አንድ ገጽ ከመጽሐፉ ሆን ብለው ይፈልጉ፣ ካገኙም በጽሑፉ ውስጥ ያካትቱት። የደበቁትን ማስረጃ አንባቢ ማግኘቱ አይቀርም።

ደረጃ 10፦ ይጻፉ፤ ከዚያም ወደ ገጹና ወደ ትዕይንቱ ይመለሱ

ጽሑፉ የሚጀምረው በታሪክ ማጠቃለያ ሳይሆን በልዩነቱ ይሁን። የሁለቱን ሥራዎች ርእስ፣ ዓመትና የዝምድናቸውን ዓይነት በአንድ ዓረፍተ ነገር ካስቀመጡ በኋላ ወዲያው ወደ ነጥቡ ይግቡ። ለምሳሌ እንዲህ ሊጻፍ ይችላል፦ «የዳንቴስ አስተማሪ የተከለውን በቀል ይጸጸትበታል፤ የኤዘል አስተማሪ ግን ያጠጣዋል። ሁለቱ ሰዎች በአንድ ዓይነት እስር ቤት ተምረው በተለያየ ልብ የወጡት ለዚህ ነው፤ ዳንቴስ የመርሴዴስን ልመና ሰምቶ የልጇን ሕይወት ለማትረፍ ሲወስን፣ ከውስጡ የሚናገረው የቄሱ ጸጸት ነው ብል አልተሳሳትኩም።» በዚህ አንቀጽ ውስጥ ታሪኩን ለማያውቅ ሰው የሚበቃ መረጃ አለ፤ ለሚያውቅ ሰው ደግሞ የሚከራከርበት አሳብ አለ። የድራማውንና የመጽሐፉን ክስተቶች አንድ በአንድ እየተፈራረቁ ከመተረክ ይልቅ፣ እያንዳንዱን አንቀጽ በአንድ ነጥብ ላይ ሁለቱን በማጋጠም ይሥሩት።

ጽፈው ሲጨርሱ የተመኩበትን ትዕይንት እንደገና ይመልከቱ፣ ገጹንም እንደገና ያንብቡ። ትዝታ ብዙ ነገር ያጣምማል። እኔ ስለ ሁለቱ ሬሳዎች በጻፍኩበት ጊዜ፣ ዋልተር በወደቀበት ቤተ ሙከራ ውስጥ በብረት ጋኑ ላይ የተወውን የደም እጅ አሻራ በሚገባ አስታውሼ ነበር፤ ሃይድ የተገኘበትን ክፍል ግን በጨለማና በተሰባበረ ዕቃ የተሞላ አድርጌ ነበር የጻፍኩት። ወደ መጽሐፉ ስመለስ ክፍሉ ሌላ ነበር። እሳቱ በምድጃው ውስጥ ይነድዳል፣ ማንቆርቆሪያው እየፈላ ያፏጫል፣ የሻይ ዕቃ በሥርዓት ቀርቧል፤ ሬሳው በዚህ ሁሉ መካከል ለዶክተሩ ልክ የተሰፋ፣ ለእርሱ ግን በጣም የሰፋ ልብስ እንደለበሰ ወለሉ ላይ ተዘርግቷል። ዋልተር በሞተበት ክፍል ውስጥ ግን ቤት የሚያስታውስ አንድም ነገር የለም። አንቀጹን ሰርዤ ከማንቆርቆሪያው ጀመርኩት።